አንድ ጆንያ ቡና ቬነስ ላይ ስንት ኪሎ ነው?

የጥያቄ ሳጥናችን ሲከፈት ከወጡት ወረቀቶች አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ጨረቃ ላይ የሄደ ሰው ይቀላል ይባላል። ይከሳል ማለት ነው?» ስም አልተጻፈበትም። ከእጅ ጽሑፉ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ይመስለኛል። የክበባችን ስብሰባ ላይ «ይህን ማን ይመልስ?» ሲባል እጄን አወጣሁ። መልሱን ስለማውቀው አልነበረም። በዚያው ሳምንት ቤታችን ውስጥ አንድ ጭቅጭቅ ተነስቶ ስለነበር ነው፤ ጭቅጭቁ ደግሞ ከዚሁ ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኅዳር ላይ አጎቴ ያደረቀውን ጀንፈል ቡና ለመሸጥ ሲነሳ መጀመሪያ ጎረቤታችን ቤት መዘነው። የጎረቤታችን ሚዛን የድሮ ነው፤ ሁለት ሳህን አለው፤ በአንዱ ዕቃው፣ በሌላው የብረት ሚዛን ድንጋይ ይቀመጣል። ቡናውን ከፋፍለን መዘንነውና ድምሩ 17 ኪሎ ሆነ። ገበያ ስንደርስ የሚገዛው ነጋዴ ጆንያውን ባለ ሞላ ተንጠልጣይ ሚዛን ላይ ሰቀለው። መርፌው 15 ኪሎ ተኩል ላይ ቆመ።

አጎቴ «እንዴ! ቤት 17 ነበር እኮ!» አለ።

የነጋዴው ረዳት ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ልጅ ነው። ሳቅ ብሎ ምን አለ መሰላችሁ? «ጋሼ፣ እኛ ያለነው ከፍታ ቦታ ላይ ነው። ከፍታ ላይ ዕቃ ይቀላል። እሷ ተማሪ አይደለችም እንዴ? ይጠይቋት!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ከመሬት እየራቅን ስንሄድ ስበት እንደሚቀንስ በእርግጥ ተምረናል፤ ስለዚህ «ውሸት ነው» ማለት አልቻልኩም። «እውነት ነው» ካልኩ ደግሞ የአጎቴ አንድ ኪሎ ተኩል ቡና በእኔ አፍ ሊጠፋ ነው። ዝም አልኩ። አጎቴም በ15 ኪሎ ተኩል ሸጠ። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አላናገረኝም። ቤት ስንደርስ ብቻ «ስምንት ዓመት የተማርሽው ለዚህ ነው?» አለኝ። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለጥያቄ ሳጥኑ ልጅም ለአጎቴም ነው።

መጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። ሰው «ክብደትሽ ስንት ነው?» ሲለን «38 ኪሎ» እንላለን፤ ማንም አይሳሳትም። ክፍል ውስጥ ግን ሳይንስን በእንግሊዝኛ ስለምንማር «ማስ» እና «ዌይት» የሚባሉ ሁለት ቃላት ይመጣሉ፤ እኛም ሁለቱንም ደብተራችን ላይ «ክብደት» ብለን እንተረጉማቸዋለን። እኔ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ በዚህ ምክንያት ፈተና ላይ ሁለት ማርክ አጥቻለሁ። ማስ ማለት መጠነ ቁስ ነው፤ አንድ ዕቃ የተሠራበት ነገር ምን ያህል እንደሆነ ይነግረናል፤ የሚለካውም በኪሎ ግራም ነው። ዌይት ደግሞ ክብደት ነው፤ መሬት ያንን ዕቃ ወደ ራሷ የምትስብበት ጉልበት ማለት ነው። ጉልበት ስለሆነ በኒውተን ይለካል። ኒውተን የስበትን ሕግ ያወጣው የእንግሊዙ ሳይንቲስት የአይዛክ ኒውተን ስም ነው።

እስቲ የአጎቴን ጆንያ አስቡት። ውስጡ ያለውን ፍሬ አንድ በአንድ ቆጥረን ጆንያውን ሰፋነው እንበል። ቦንጋ ብንወስደው፣ ራስ ዳሽን ጫፍ ላይ ብናወጣው፣ ጨረቃ ላይ ብናስቀምጠው፣ አንዲት ፍሬ እስካልተሰረቀች ድረስ ቁጥሩ ያው ነው። መጠነ ቁስም እንዲሁ ነው፤ ቦታ ስንለውጥ አይለወጥም። ጆንያውን ወደ ታች የሚስበው ጉልበት ግን እንደየቦታው ይለያያል።

ስለዚህ የጥያቄ ሳጥኑ ልጅ፣ መልስህ (ወይም መልስሽ) ይኸውልህ፦ አይከሳም። ጨረቃ ላይ የሄደ ሰው አንድ ግራም ሥጋ አይቀንስም። የሚቀለው ጨረቃ ከመሬት ባነሰ ጉልበት ስለምትስበው ብቻ ነው።

ምን ያህል ባነሰ? መሬት እያንዳንዱን ኪሎ በ9.8 ኒውተን ትስበዋለች። ጨረቃ ደግሞ በ1.6 ኒውተን ብቻ፤ ይህ አንድ ስድስተኛ ያህል ነው። ሒሳቡ ማባዛት ብቻ ነው። የአጎቴ 17 ኪሎ ቡና በመሬት ላይ 17 × 9.8 = 166.6 ኒውተን ይከብዳል። ጨረቃ ላይ 17 × 1.6 = 27.2 ኒውተን ይሆናል።

አሁን ወደ ሚዛኖቹ እንምጣ፤ ለእኔ ነገሩ የተገለጠልኝ እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ሚዛኖች አንድ ሥራ የሚሠሩ ይመስላሉ እንጂ የሚሠሩት የተለያየ ነው። ባለ ሞላው ሚዛን የሚያውቀው መጎተትን ብቻ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሕፃናትን አንጠልጥለው የሚመዝኑበትም የዚሁ ዓይነት ነው። ዕቃው ሞላውን ወደ ታች ይስበዋል፣ ሞላው ይለጠጣል፣ መርፌው ይዞራል። ሞላው የተሰማው 166.6 ኒውተን ነው። ፋብሪካው ግን ሰሌዳው ላይ ኪሎ ብሎ ጽፎበታል፤ ሚዛኑ መቼም ከመሬት አይወጣም ብሎ አስቀድሞ ለ9.8 አካፍሎታል ማለት ነው። ይህ ሚዛን ጨረቃ ላይ ቢወሰድ የአጎቴን ቡና «2 ኪሎ ከ800 ግራም ገደማ» ብሎ ያነባል። ሚዛኑ ተበላሽቶ አይደለም፤ ቦታው ተቀይሮበት ነው።

ባለ ሁለት ሳህኑ ሚዛን ግን የሚያወዳድር ነው። ጨረቃ ላይ ቡናው ሲቀል የሚዛን ድንጋዩም እኩል ይቀላል። ስለዚህ ጨረቃም ላይ፣ ማርስም ላይ «17 ኪሎ» ይላል። እኔ እስከዚያ ቀን የጎረቤታችንን ሚዛን አሮጌ እያልኩ እንቅ ነበር። ለካስ ከአዲሱ የበለጠ ታማኝ ኖሯል!

እንግዲህ ቡናችንን በባለ ሞላው ሚዛን አንጠልጥለን ፕላኔቶቹን እንዙር። ማርስ አንዱን ኪሎ በ3.7 ኒውተን ስለምትስብ መርፌው 6 ኪሎ ከ400 ግራም ላይ ይቆማል። ሜርኩሪም ያው 3.7 ነው፤ ያው 6 ኪሎ ከ400። ኔፕቱን ላይ 11 ኒውተን ገደማ ስለሆነ 19 ኪሎ ይጠጋል። ጁፒተር ላይ 24.8 ስለሆነ ቡናው 43 ኪሎ ይመስላል፤ ቡና መሸጥ እዚያ ነበር! ነገር ግን ጁፒተር የጋዝ ኳስ ናት፤ ገበያ የሚቆምበት ደረቅ መሬት የላትም። ቁጥሩም የተሰላው ከላይ ለሚታየው ደመናዋ ነው።

ቬነስን ወደ መጨረሻ ያቆየኋት ሆን ብዬ ነው። ቬነስ ማለት እኛ የአጥቢያ ኮከብ የምንላት ናት፤ በትልቅነት ከመሬት ጋር ስለምትቀራረብ እንደ መሬት እህት ትታያለች። ስበቷ 8.9 ነው። 17 ኪሎ ቡና በባለ ሞላ ሚዛን ቬነስ ላይ ሲመዘን 15 ኪሎ ከ400 ግራም ገደማ ይሆናል። ልብ በሉ! የነጋዴው ሚዛን 15 ኪሎ ተኩል ነበር ያለው። ይህን ሳሰላ ብቻዬን ሳቅሁ። ሰውየው ሚዛኑን ከቬነስ አምጥቶት ይሆን?

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ፤ ሳተርን። ሳተርን ውስጥ ያለው መጠነ ቁስ የመሬትን 95 ጊዜ ያህላል። ታዲያ 95 ጊዜ አጥብቃ መሳብ የለባትም? የእኛን ጆንያ ግን 18 ኪሎ ብቻ ነው የምታደርገው፤ አንድ ኪሎ ብቻ ጨምራ! መጽሐፉ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ለሳይንስ መምህራችን አሳየኋቸው። እሳቸውም «ርቀቱንስ የት ጣልሽው?» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስበት በሁለት ነገሮች ይወሰናል። አንደኛው የሚስበው አካል መጠነ ቁስ ነው፤ ሲጨምር ስበቱም ይጨምራል። ሁለተኛው ከመካከሉ ያለን ርቀት ነው፤ ስንርቅ ስበቱ ይቀንሳል፣ ያውም በፍጥነት። ማታ መብራት ሲጠፋ ኩራዝ አብርታችሁ ይህን ሞክሩ። ደብተራችሁን ከኩራዙ አንድ ክንድ ርቀት ላይ አድርጋችሁ አንብቡ፤ ከዚያ ሁለት ክንድ ራቁ። ርቀቱ እጥፍ ሆነ፤ ብርሃኑ ግን ግማሽ አይሆንም፣ ወደ ሩብ ይወርዳል። ብርሃኑ ወደ ጎንም ወደ ላይም ስለሚሰራጭ አራት ደብተር በሚያህል ቦታ ላይ ይበተናልና ነው። በሦስት እጥፍ ብትርቁ አንድ ዘጠነኛ ነው። ስበትም በዚሁ ደንብ ይሄዳል፤ ርቀቱ በራሱ ይባዛና ለዚያ ይካፈላል።

ሳተርን እጅግ ሰፊ ናት። ከመካከሏ እስከ ላይኛው ደመናዋ ያለው ርቀት፣ ከመሬት መካከል እኛ እስከቆምንበት ካለው 9 ጊዜ ተኩል ገደማ ይበልጣል። 9.5 × 9.5 ወደ 90 ነው። 95ን ለ90 ስናካፍለው ከአንድ ትንሽ ብልጫ ያለው ይወጣል። በቃ! መጽሐፉ አልተሳሳተም። ማርስና ሜርኩሪ እኩል የሆኑትም በዚህ ነው፤ ማርስ በመጠነ ቁስ የሜርኩሪን እጥፍ ያህል ናት፣ ሜርኩሪ ግን ትንሽና ድፍን ስለሆነች ላይዋ ላይ የቆመ ሰው ለመካከሏ ይቀርባል።

(ጥቁሩ እስክሪብቶ አለቀ። ከዚህ በኋላ በሰማያዊ ነው፣ ይቅርታ።)

አሁን የረዳቱን ነገር መመርመር እንችላለን። «ከፍታ ላይ ዕቃ ይቀላል» ያለው እውነት ነው። ግን ስንት ይቀላል? ከመሬት መካከል እስከ ላይዋ ያለው ርቀት 6371 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአገራችን ዝቅተኛው ቦታ አፋር ውስጥ ያለው የደናክል ረባዳ ነው፤ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል። ከፍተኛው ራስ ዳሽን ነው፤ ከ4500 ሜትር በላይ ነው። ልዩነታቸው አምስት ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከ6371 ጋር ሲተያይ ምንም ነው። የአጎቴን ጆንያ ከደናክል ራስ ዳሽን ጫፍ ድረስ ብንሸከመው፣ ባለ ሞላው ሚዛን የሚቀንሰው ቢበዛ 25 ግራም ያህል ነው። 25 ግራም አንድ እፍኝ ቡና አይሞላም። ጎረቤታችን ቤትና ገበያው ደግሞ ሁለቱም ዋጫ ውስጥ ናቸው!

ስበት ብቻውን አንድ ኪሎ ተኩል እንዲወስድ ቡናው ስንት መውጣት አለበት? ይህን ከመምህራችን ጋር ሠራነው። ወደ ላይ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ራስ ዳሽንን አንዱን በአንዱ ላይ ከ60 ጊዜ በላይ መደርደር ማለት ነው። ዋጫ ደጋ ነው ቢባልም እዚያ አልደረሰም።

እዚህ ላይ አንድ የክፍሌ ልጅ «300 ኪሎ ሜትር ላይማ ሕዋ ነው፤ ሕዋ ላይ ስበት የለም፤ ዕቃ ይንሳፈፋል» ብሎ ተከራከረኝ። ብዙዎቻችን እንዲህ እናስባለን። ግን የራሳችንን ሳተላይት እንይ። የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ 1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና መጠቀች። መጠነ ቁሷ 72 ኪሎ ያህል ነው፤ ከአንድ ትልቅ ሰው ብዙም አይበልጥም። የተቀመጠችው ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። በዚያ ከፍታ የመሬት ስበት ስንት ነው? በኩራዙ ደንብ ብታሰሉት፣ እዚህ ከሚሰማን ከመቶ ከ80 እጅ በላይ እዚያም አለ። ስበት ባይኖርማ ሳተላይቷ መሬትን አትዞርም፤ ቀጥ ብላ ትሄድ ነበር። ገመድ ላይ የታሰረ ድንጋይ ስታዞሩ ገመዱ ቢበጠስ ድንጋዩ ወዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ።

ታዲያ የሚንሳፈፈው ለምንድን ነው? እየወደቀ ስለሆነ ነው። ድንጋይ ወደ ፊት ስትወረውሩ እየሄደ ይወድቃል። በርትታችሁ ስትወረውሩት ራቅ ብሎ ይወድቃል። ሳተላይቷ በሰከንድ 7 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ስለምትወረወር፣ እሷ ስትወድቅ መሬትም ክብ ስለሆነች ከሥሯ ትጎብጥባታለች፤ አትገናኙም ትላታለች። እየወደቀ ያለ ሚዛን ላይ እየወደቀ ያለ ጆንያ ብትሰቅሉ ሞላውን የሚጎትተው የለም፤ መርፌው ዜሮ ይላል። ቡናው ግን ያው 17 ኪሎ ቡና ነው።

ይህ «ያው» የሚለው ነገር እንዴት እንደሚታወቅ ደግሞ ልንገራችሁ። የተጫነ ጋሪ ገፍታችሁ ታውቃላችሁ? ሜዳ ላይ እንኳ ለማስነሳት ይከብዳል፤ ከተነሳ በኋላ ለማቆምም ይከብዳል። ይህ የመጠነ ቁስ ሥራ ነው፤ ስበት ቢቀንስም አይቀንስም። በ1961 ዓ.ም. ሐምሌ ወር አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ካረፈች በኋላ የሄዱት ጠፈርተኞች የለበሱት ልብስ ከነጀርባ ዕቃው 80 ኪሎ ያህል ነበር። እዚያ ሲሸከሙት 13 ኪሎ የሚያህል ብቻ ነው የሚከብዳቸው፤ ለዚህ ነው እየዘለሉ ሲሄዱ የሚታዩት። ለመቆም ወይም ለመዞር ሲፈልጉ ግን ያ ሁሉ 80 ኪሎ ወደ ፊት ይገፋቸዋል። እንግዲህ የአጎቴ ጆንያ ጨረቃ ላይ በሩጫ መጥቶ ቢመታችሁ፣ ቀሏል ብላችሁ እንዳትቆሙለት።

ወደ ገበያው እንመለስ። ጥፋቱ የስበት ካልሆነ የማን ነው? መምህራችን አንድ ዘዴ ነገሩኝ። ስበት ቀንሶ ቢሆን ሚዛኑ ከሁሉም ዕቃ በተመሳሳይ እጅ ይቀንሳል፤ ከትልቁ ብዙ፣ ከትንሹ ጥቂት። መርፌው ከዜሮ ሸሽቶ ከሆነ ግን ከትልቁም ከትንሹም እኩል ይቀንሳል። ለመለየት የታወቀ መጠነ ቁስ ያስፈልጋል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ስለዚህ በባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞላሁ። ፕላስቲኩ ጥቂት ግራም ስለሆነ ተውኩት። ነገሩ እንደ ቬነስ ከሆነ መርፌው 1 ኪሎ ከ800 ግራም ገደማ ላይ መቆም አለበት። ዜሮው የሸሸ ከሆነ ከሁለቱ ላይ አንድ ተኩል ይነሳና ግማሽ ኪሎ ይቀራል። ይህን ከመሄዴ በፊት ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፣ በኋላ እንዳልዋሽ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ከአጎቴ ጋር ሄድን። ረዳቱን «ይህን መዝንልኝ» አልኩት። ሳቀና ሰቀለው። ነጋዴው በዚያ ሚዛን የሚመዝነው ጆንያ ነው እንጂ ትንሽ ነገር ሰቅሎበት አያውቅም መሰለኝ። መርፌው ግማሽ ኪሎ ላይ ቆመ። ሃይላንዱን አውርጄ ባዶውን አየሁት፤ የመርፌው ጫፍ ከዜሮ ወደ ኋላ አለፍ ብሎ ነበር። ማን ያየዋል? ሁላችንም ዓይናችንን የምንተክለው ጆንያው ከተሰቀለ በኋላ ነው።

ረዳቱ ነጋዴውን አየው። ነጋዴው «መኪና ላይ ስትጫን ተነቃንቃ ይሆናል» አለና ከጎን ያለችውን ብሎን አዞረ። መርፌው ዜሮ ላይ መጣ፣ ሃይላንዱም ሁለት ኪሎ ሆነ። ሆን ብሎ ይሁን አይሁን እሱ ያውቃል። ያለፈው የአንድ ኪሎ ተኩል ሒሳብ ግን አልተመለሰልንም፤ አጎቴ ቢጠይቅም «ያለፈ አለፈ» ተባለ።

አጎቴ አሁን ገበያ ሲሄድ ያቺን ሃይላንድ ውሃ ሳይዝ አይወጣም። ባለፈው ገበያ ፀሐይ ላይ ቆመን ጠማኝና «አጎቴ፣ ትንሽ ልጠጣ» ብዬ ለመንኩት። «ሚዛን አይጠጣም» ብሎ ከለከለኝ።